እትዬ አትጠገብ እንግሊዝኛ የተናገሩ ዕለት

እኔ መንፈስ፣ ጥላ፣ የሙት ድምፅ ሲባል የምስቅ ሰው ነኝ። አሁንም ቢሆን ጎረቤቶቼ ስለ ዛርና ስለ ቡዳ ሲያወሩ ለጨዋነት ያህል ራሴን እየነቀነቅሁ እሰማለሁ እንጂ ልቤ አይቀበልም፣ ምክንያቱም ዕድሜዬን የፈጀሁት የስፌት መኪና በመጠገን ነው፣ መኪና ደግሞ ከቆመ የቆመበት ምክንያት አለው፣ ወይ መርፌው ተጣሟል፣ ወይ ክሩ ተጠላልፏል፣ ወይ ዘይት አጥቷል፣ ቁጭ ብሎ ለፈታታው ሰው አይደበቅም። ይህን አንድ ነገር ግን ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ እፈታዋለሁ፣ እገጥመዋለሁ፣ በጨረስኩ ቁጥር አንድ ብሎን ይተርፈኛል። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁ፣ እመኑኝ፣ ከራሴ የምጨምረው የለም፣ ብጨምርማ ኖሮ መጨረሻውን አሳምረው ነበር።

ስሜ ቶማስ ነው። የተወለድኩት አየርላንድ በምትባል ደሴት፣ ዓሣ አጥማጆች በሚኖሩባት አንዲት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ነው፣ አፌን የፈታሁትም በእንግሊዝኛ ነው። አዲስ አበባ የመጣሁት አንድ ግሪክ ነጋዴ በሱቁ የሚሸጣቸውን የስፌት መኪናዎች እንድጠግንለት ቀጥሮኝ ነበር፣ እሱ ደግሞ አንድ ቀን ጠራኝና "ደብረ ማርቆስ የተበላሹ መኪናዎች አሉ፣ ሦስት ሳምንት ሠርተህ ተመለስ" ብሎ ላከኝ። ሦስቱ ሳምንት ሳይሞላ ጦርነቱ ተነሣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ግሪኩ ሱቁን ቆልፎ አገሩ ገባ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ደረሰ፣ እኔም ከነመፍቻዬና ከነዘይት ቆርቆሮዬ እዚያው ቀረሁ። ይኸውላችሁ፣ እስከ ዛሬ እንደቀረሁ ነኝ።

ያስጠጉኝ፣ በግቢያቸው አንዲት ጎጆ የሰጡኝ እትዬ አትጠገብ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ባለው ግቢያቸው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ነበሩ። ሞላ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፣ እሱ ግን ጣሊያን እንደገባ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገብቷል፣ እኔ ወደ ግቢው የመጣሁት እሱ ከሄደ በኋላ ስለሆነ መልኩን አላውቀውም፣ ስሙንም ቢሆን እሳቸው የሚያነሡት በሹክሹክታ ነው። ለጠየቃቸው ሰው ሁሉ "ለንግድ ወለጋ ወርዷል" ነው መልሳቸው፣ ሰፈሩ በሙሉ እውነቱን ያውቃል፣ ሰፈሩ በሙሉ "ቀንቶት ይመለስ" ይላል።

የመጀመሪያው ዓመት እንዴት እንደነበረ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በኋላ የሆነው ነገር የሚገባችሁ ያኔ ምን ያህል ቋንቋ እንደጠማኝ ካወቃችሁ ብቻ ነው። የእኔ ምላስ ጠን ከተ፣ ቀን ከከ መለየት አልቻለም። ፊደል ያስቆጠሩኝ የቅኔ መምህሩ የኔታ ነበሩ፣ አንድ ቀን ከቤታቸው ስወጣ እጅ ነሥቼ "ነገ ጠዋት እመጣለሁ" ማለቴ ነው፣ ከአፌ የወጣው ግን "ነገ ጠዋት እመታለሁ" ነው። የኔታ አዩኝና "ማንን?" አሉኝ። "እርስዎን" አልኩ፣ እርስዎን ለማየት ማለቴ ነው። በማግስቱ ስሄድ የኔታ በደጃቸው ትልቅ ዱላ ይዘው ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ላይ ሳቅ የሚባል የለም፣ እኔም ደንግጬ ቆምኩ፣ በኋላ ነው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ መሆኑን ያየሁት። መርፌ ጠፋብኝ ስል ተፋብኝ እላለሁ፣ እትዬ አትጠገብ ደግሞ "ምን አጉርሰኸው ነው?" ይሉኛል። ሰላምታው ራሱ አንድ ሥራ ነበር፣ እኛ አገር ሰው ሰውን ካገኘ ስለ አየሩ አንድ ቃል ተናግሮ ያልፋል፣ እዚህ ግን እኔ ደኅና፣ ቤቱ ደኅና፣ ከብቱ ደኅና፣ እንዴት አደርክ፣ እንዴት ሰነበትክ እየተባለ ውሃ ቀድቼ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ እንዲህ ካልተባባልኩ ሰው ያየሁ አይመስለኝም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን መልኬ ነበር። ነጭ ሰው ሁሉ ጣሊያን ነው፣ በሕዝቡም አይፈረድም። በገበያ ሳልፍ ወሬ ይቋረጣል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ። እትዬ አትጠገብ ይህን እንዳዩ አንድ ቅዳሜ ክንዴን ጨብጠው ገበያውን ከዳር እስከ ዳር አዞሩኝ፣ በእህሉም በቅቤውም በሸክላውም ሻጭ ፊት እየቆሙ "ይህ የኔ ነው፣ ጣሊያን አይደለም፣ ስሙ ቶማስ ነው" አሉ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ በደብረ ማርቆስ ገበያ የእትዬ አትጠገብ ቶማስ ሆንኩ። ጣሊያኖቹም ቢሆኑ ለወታደር ልብስ መስፊያቸው መኪና የሚጠግን ሰው ስለፈለጉኝ አልነኩኝም፣ ቀን ለእነሱ እጠግናለሁ፣ ማታ ወደ እትዬ አትጠገብ ግቢ እገባለሁ፣ ስለማየው ስለምሰማውም ለማንም አላወራም።

እንግሊዝኛ የማናግረው ሰው ግን አልነበረም። አንድም ሰው። መጀመሪያ ለምጠግነው የስፌት መኪና አወራለት ነበር፣ "ነይ የኔ እመቤት፣ አትለግሚብኝ" እያልኩ፣ ከዚያ እሱንም ተውኩት፣ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። በአምስተኛው ዓመት ሕልሜ ግማሹ በአማርኛ ሆነ። አንድ ቀን በእኛ አገር የዓሣ ቅርፊት የሚፋቅበትን ቢላዋ ስም ፈልጌ አጣሁት፣ እናቴ በየቀኑ በእጇ የምትይዘውን ዕቃ፣ ቀኑን ሙሉ ፈለግሁት፣ አልመጣም፣ ማታ ጎጆዬ ገብቼ አለቀስኩ። ትስቁ ይሆናል። ቢላዋው አይደለም ያስለቀሰኝ፣ ሌላው ቃል ሁሉ እንዲህ አንድ በአንድ እየሾለከ ቢሄድ እናቴን ሳገኛት በምን አወራታለሁ ብዬ ነው። ፖስታ ከቆመ ቆይቷል፣ በሕይወት ትኑር አትኑር የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ጣሊያንና እንግሊዝ ጦርነት ገጠሙ የሚል ወሬ መጣ። እኔ አየርላንዳዊ ነኝ ብል ማን ይሰማኛል፣ የያዝኩት ወረቀት የእንግሊዝ ነው፣ ስለዚህ በነሐሴ መግቢያ አንድ የጣሊያን ሹም አስጠራኝና በትሕትና፣ እውነቴን ነው በጣም በትሕትና፣ ዓርብ ጠዋት በሚሄደው ካሚዮን ወደ አዲስ አበባ እንደምላክና ከሌሎች እንግሊዞች ጋር እንደምታሰር ነገረኝ፣ ሻንጣ እንዳዘጋጅም መከረኝ። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። መደበቅ አላሰብኩም፣ ሰው የደበቀ ሰው ቤቱ እንደሚቃጠል ሁላችንም እናውቃለን፣ እትዬ አትጠገብ ደግሞ ያለቻቸው ያቺ ቤት ብቻ ናት።

ነገሩ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ቅዳሜ ዕለት በገበያ ከእህል ሻጮቹ መሃል ሳልፍ አንዲት ሴት ከኋላዬ "ቶሚ" ብላ ጠራችኝ። ጮክ ብላ አይደለም፣ ሰው ቤት ውስጥ ሆኖ ማዶ ክፍል ያለ ሰው እንደሚጠራው። ቶሚ የሚለኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው፣ በጎጃም ይህን ስም የሚያውቅ የለም። ዞር አልኩ፣ በጎች አሉ፣ ጆንያዎች አሉ፣ ስለ ጤፍ የሚከራከሩ ሁለት ሴቶች አሉ፣ ሌላ የለም። ጆሮዬ ነው ብዬ ሄድኩ። ማክሰኞ ደግሞ በወታደሮቹ ልብስ መስፊያ ቤት አንዱን መኪና ጠግኜ እየሞከርኩ ሳለ፣ ከሽክርክሪቱ ድምፅ ሥር አንድ ሰው የሚያንጎራጉር መሰለኝ፣ ዜማውን ለየሁት፣ እናቴ ሥራ ላይ ስትሆን ከንፈሯን ገጥማ የምታሰማው፣ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ዜማ ነው። እግሬን ከመርገጫው አነሣሁ፣ መኪናው ቆመ፣ ዜማውም ቆመ። እንደገና ረገጥኩ፣ ተመለሰ። ሦስቴ አደረግሁት፣ አራተኛውን ፈራሁ። ማታ ለእትዬ አትጠገብ ጆሮዬ ይጮኻል ብላቸው ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው አስሸተቱኝ፣ እኔም ወባ ሳይጀማምረኝ አይቀርም ብዬ ተኛሁ።

ሐሙስ ሆነ። የፍልሰታ ጾም ነው፣ እትዬ አትጠገብ በጾሙ ቅዳሴ አያስታጉሉም፣ በዚያ ቀን ግን ገና ረፋዱ ላይ በረዶ መውረድ ጀመረ፣ ግቢው እንደ ጨው ነጭ ሆነ፣ ከቤት መውጣት አልተቻለም። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፣ ቤታቸው ገብቼ ትይዩአቸው ተቀመጥኩ፣ እሳቸው እንዝርት ይዘው ይፈትላሉ፣ አንዲት ዶሮ በረዶውን ሸሽታ ገብታ በሩ ሥር ተኮራምታለች፣ ሌላ ሰው አልነበረም። ከዚያ በላይ ማቆየት አልቻልኩም።

"እትዬ፣ ነገ ጠዋት ጣሊያኖቹ ይወስዱኛል" አልኳቸው።

እንዝርቱ አልቆመም። "ወዴት?"

"አዲስ አበባ። ከዚያ ወዴት እንደሆነ እንጃ።"

"ማን ፈቀደ?"

"እነሱ ናቸው ያዘዙት፣ እትዬ።"

"እኔን የጠየቀኝ የለም" አሉ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ ፈትላቸውን ቀጠሉ። እንዲህ እንዳለን በረዶው ወደ ዝናብ ተለወጠ። እትዬ አትጠገብ ሌሊቱን በማኅሌት ነው ያሳለፉት፣ ጾምም ነው፣ ጭንቅላታቸው ቀስ እያለ ወደ ደረታቸው ወረደ፣ እንዝርቱ ከእጃቸው ሾልኮ መደቡ ላይ ተንከባለለ። ላነሣላቸው ጎንበስ ስል አንድ ድምፅ ሰማሁ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የሣር ክዳን ቤት ውስጥ ዝናብ አይሰማም፣ ሣሩ ይውጠዋል፣ የኖራችሁበት ታውቁታላችሁ። እኔ የሰማሁት ግን የውሃ ድምፅ ነበር፣ ይመጣል፣ ይሰበራል፣ ጠጠር እየጎተተ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል። ባሕር ነው። ባሕር ዳር የተወለደ ሰው ይህን ድምፅ ከሌላ ድምፅ ጋር አያምታታውም፣ እዚህ ደግሞ ከየትኛውም ባሕር የብዙ ቀን መንገድ ርቀን፣ ደጋ ላይ ነው ያለነው። በሩ ሥር የነበረችው ዶሮ ብድግ አለች፣ አንገቷን አስግጋ እትዬ አትጠገብን ትኩር ብላ አየቻቸው፣ ከዚያ ወደዚያ ዝናብ ወጥታ ሄደች።

"ቶሚ" አሉ እትዬ አትጠገብ።

ዓይናቸው ተከድኗል። ድምፁ የእሳቸው አይደለም። በእንግሊዝኛ፣ በዚያች በእኛ ከተማ ሰው ብቻ በሚናገረው፣ የቃሉን መጨረሻ በሚውጠው እንግሊዝኛ፣ "ጫማህን ደጅ አውልቅ፣ ወለሉን አሁን ነው የጠረግሁት" አሉ። አሉ ልበል አለች ልበል፣ ይህን ስናገር ሁልጊዜ እዚህ ላይ አንደበቴ ይያዛል፣ እትዬ አትጠገብን አንቺ ብዬ አላውቅም፣ እናቴንም እርስዎ ብዬ አላውቅም።

ጫማዬን አወለቅሁ። ሌላ ምን ላድርግ። ከበሩ አጠገብ አስቀመጥኩት፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ "እማዬ?" አልኩ፣ ቃሉ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ብሎ ነው ከጉሮሮዬ የወጣው።

"ቀጥነሃል" አለች።

"የጾም ጊዜ ነው።"

"ዓሣ አይበሉም?"

"እነሱ አይበሉም፣ እማዬ።"

"ጥሩ ሰዎች ናቸው?"

"በጣም ጥሩ ናቸው።"

ስትስቅ ሰማኋት፣ በአፍንጫዋ የምትስቃት አጭር ሳቅ ናት። የሚገርማችሁ በዚያች ሰዓት ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ዓመታት ሙሉ የጠፉኝ ቃላት ሁሉ ወደ አፌ መጡ፣ ስለ የኔታ ነገርኳት፣ ስለ ገበያው ነገርኳት፣ እንደ ልጅ እየተቻኮልኩ አወራኋት፣ እሷም እህ፣ እህ እያለች ሰማችኝ። መጨረሻ ላይ ነገ እንደሚወስዱኝ ነገርኳት።

"አትሂድ" አለች። "ይህች ሴት ልጇን እየጠበቀች ነው። ብቻ ሆኖ መጠበቅ ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። እሷ ዘንድ ቆይ።"

"ቤቷን ያቃጥሉባታል።"

"አያቃጥሉም" አለች፣ እንደዋዛ። ከዚያ ድምፅዋ ትንሽ ራቅ አለ። "አሁን ልሂድ፣ ጭጋጉ ሳይብስ። የሚጠብቀኝ አለ።"

ወደ በሩ አየሁ። ደጅ ዝናብ እንጂ ጭጋግ አልነበረም። "ማን ነው የሚጠብቅሽ?" አልኩ፣ የባሕሩ ድምፅ ግን ጠፍቷል፣ እትዬ አትጠገብ ዓይናቸውን ገልጠው እንዝርታቸውን በእጃቸው ይዳብሳሉ።

"እንቅልፍ ጣለኝ" አሉ በአማርኛ፣ በራሳቸው ድምፅ። ከንፈራቸውን በምላሳቸው ነካ ነካ አድርገው ፊታቸው ተለወጠ። "አፌን ጨው ጨው አለኝ። ቶማስ፣ ተኝቼ ሳለ የቀመስኩት ነገር አለ? ጾሜን ፈታሁ እንዴ?"

"ምንም አልቀመሱም እትዬ" አልኳቸው። "እንግሊዝኛ ያውቃሉ?"

"አማርኛውን መች ጨርሼ" አሉ። ከዚያ እግሬን አዩና "ባዶ እግርህን የሆንከው ምን ነክቶህ ነው፣ በዚህ ብርድ?" ብለው ተቆጡኝ።

በማግስቱ ካሚዮኑ ጋ አልሄድኩም። ገና ሳይነጋ የኔታ ቤት ሄጄ "አልሄድም፣ የት ልግባ?" አልኳቸው፣ ምክንያቱን አልጠየቁኝም፣ ራሴን ላጩኝ፣ የተማሪ ደበሎ አለበሱኝ፣ ፊቴን በጥላሸትና በቅቤ ቀቡኝና ወደ ሉማሜ አቅጣጫ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ለሚያስተምር የቀድሞ ደቀ መዝሙራቸው "ዲዳ በሽተኛ ነው፣ ጠበል ሊጠመቅ የመጣ" ብለው አደራ ሰጡኝ። ሲወስዱኝ በመንገድ ላይ የኔታ "እግዚአብሔር ዲዳ ያድርግህ አልልም፣ ግን አፍህን ከከፈትክ ሁላችንንም ነው የምትመታን" አሉኝ። ወራት ሙሉ አፌን ሳልከፍት ከተማሪዎቹ ጋር ቆሎ ቆረጠምኩ። ጣሊያኖቹ በዚያው ዓርብ እትዬ አትጠገብ ዘንድ መጥተው ቤቱን በረበሩት፣ ጎጆዬ ውስጥ ስጠግናት የነበረችውን የስፌት መኪና ወሰዱ፣ አስተርጓሚው "ቶማስ የት ሄደ?" ሲላቸው እሳቸው "እናንተ ጋ ነው የምሄድ ያለኝ፣ አልደረሰም?" አሉ አሉ። እሳት ሊለኩሱ ችቦ ካበሩ በኋላ አንዱ ወታደር ከአንድ ሹም መልእክት ይዞ እየሮጠ መጣ፣ ምን እንደተባባሉ የሚያውቅ የለም፣ ትተውት ሄዱ።

በበጋው ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ለቆ ወጣ፣ እኔም ደበሎዬን አውልቄ ተመለስኩ። ሞላ ከእኔ በፊት ደርሶ ነበር። እናቱ እንደ ገበያው ጊዜ ክንዴን ይዘው ወደ እሱ ወሰዱኝና "ይህ ቶማስ ነው" አሉት፣ እሱም ረጅም ጊዜ አየኝና አቅፎ ሳመኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድማማች ሆንን፣ በአንድ ግቢ ኖርን፣ ጎጆዬን ያደሰልኝም እሱ ነው። ዝምተኛ ሰው ነው። ስለ ዱሩ የምንሰማው ሊጠይቁት ከሚመጡት ጓዶቹ ነበር፣ እነሱ ደግሞ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ታሪክ አላቸው፣ በዚያው ክረምት፣ በፍልሰታ ውስጥ፣ ሞላ ጮቄ ተራራ ላይ በጭጋግ ከጓዶቹ ተነጥሎ ሦስት ቀን ጠፋ፣ ሞቷል ብለው ካለቀሱለት በኋላ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ብቻውን እየሄደ መጣ። በዚያ ሁሉ ገደልና ጭጋግ መንገዱን እንዴት አገኘኸው ሲሉት "አገኘሁት" ብቻ ነው ያላቸው።

እኔ በወቅቱ ይህን ታሪክ ከእኔ ሐሙስ ጋር አላገናኘሁትም፣ እመኑኝ፣ ሐሙስ በየሳምንቱ አለ። ያገናኘው የእህቴ ደብዳቤ ነው። ፖስታ መሄድ ከጀመረ በኋላ በሕይወት መኖሬን ጽፌ ነበር፣ መልሱ ከብዙ ወራት በኋላ ደረሰኝ፣ እናታችን ዐርፋለች ይላል፣ እኔ ደብሩ ውስጥ ተደብቄ በነበርኩበት መኸር። ከመሞቷ በፊት በነሐሴ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ትኩሳት ላይ ሳለች፣ ከአልጋዋ ተነሥታ ቁጭ አለችና ማንም በማያውቀው ቋንቋ መናገር ጀመረች፣ አጠገቧ ያለ ሰው እጅ ይዛ እንደምትመራ በለሆሳስ፣ ደግሞ ደጋግማ። እህቴ ግራ ሲገባት ድምፁን እንደሰማችው በፖስታ ጀርባ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋዋለች፣ ምናልባት አንተ ታውቀው እንደሆን ብላ ልካልኛለች። ጽሕፈቱ የተምታታ ነው፣ ግማሹን እስከ ዛሬ ማንበብ አልቻልኩም። ሌላው ግማሽ ግን ጮክ ተብሎ ሲነበብ "አይዞህ ሞላ፣ በዚህ ና፣ በዚህ ና" ይላል።

ቁጭ ብዬ ፈታታሁት፣ እንደ መኪና። ከጦርነቱ በፊት በጻፍኩላቸው ደብዳቤዎች ውስጥ አይዞህ የሚለውን ቃል ጽፌ ይሆናል፣ እወደው ነበርና። ና የሚለውንም ይሁን። ሞላ የሚባል ሰው በዓለም ላይ መኖሩን ግን ያኔ እኔም አላውቅም ነበር።

ሞላ በማግስቱ ጓሮ እንጨት ሲፈልጥ አገኘሁትና ነገርኩት፣ የእኔንም ሐሙስ፣ የእህቴንም ደብዳቤ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰክቶ ቆሞ ሰማኝ። ስጨርስ ወደ እኔ ሳያይ ጠየቀኝ፦

"እናትህ ቀኝ እግሯን ትጎትት ነበር?"

ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም። ለእሱም፣ ለእናቱም፣ ለየኔታም። በልጅነቷ ጀልባ ላይ የተሰበረ እግር ነው፣ በእኛ ቤት የሚነሣ ነገር አልነበረም።

"አዎ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። "እኔ እናቴ መስላኝ ነበር" አለ። "ጭጋጉ ፊቷን አያሳይም። ከፊቴ ከፊቴ ትሄዳለች፣ እግሯን ትጎትታለች፣ እናቴ ረጅም መንገድ መጥታ እግሯን አሟት ነው ብዬ አስቤ ነበር።"

"በምን ቋንቋ ነው ያናገረችህ?"

አሰበ፣ በእውነት አሰበ፣ ግንባሩ ተቋጠረ። "እንጃ" አለ። "ቃሉን አላስታውሰውም። ገብቶኝ ግን ነበር።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፣ "ካምፑ ዳር ስታደርሰኝ ልትመለስ ዞር አለችና..."

በዚህ ጊዜ እትዬ አትጠገብ በጓሮ በር ብቅ አሉ፣ "ሁለታችሁ ምን ትማከራላችሁ?" አሉን። ሞላ መጥረቢያውን ከግንዱ ነቅሎ "ስለ እንጨቱ ነው እናቴ" አላቸው። ሲገቡ ጠብቆ "እሷ እንዳትሰማ" አለኝ፣ እኔም ቃል ሰጠሁት፣ እስኪያርፉ ድረስም ጠበቅሁለት።

አሁን እትዬ አትጠገብ የሉም፣ የኔታም የሉም፣ ሁለታችን ሽበት አውጥተን በዚያው ግቢ እንኖራለን። ዞር አለችና ብለህ ነበር፣ ከዚያ ምን ሆነ ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ በጣም ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ ከተቀመጠበት ተነሥቶ በሩን ዘግቶ ተመልሷል፣ ሌላ ወሬም አንሥቷል። አራተኛ ጊዜ አልጠየቅሁትም። የጠፋብኝ ቋንቋ ተመልሶልኛል፣ ያ የዓሣ ቢላዋ ስሙ ምን እንደሆነም አውቃለሁ፣ እናቴንም ክፉ ነገር ታደርጋለች ብዬ ለአፍታ አላስብም። ቢሆንም በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ከጮቄ በኩል ወደ ከተማው መውረድ ሲጀምር፣ ሞላ ወንበሩን አንሥቶ ጀርባውን ለግድግዳው፣ ፊቱን ለበሩ ይሰጣል፣ እኔም፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ የራሴን አንሥቼ ከአጠገቡ እቀመጣለሁ።